በግራ የቆመው ግንብ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለምወድዎ ለእቴቴ፦

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ እንደ ልብዎ ሰፍቶ፣ ጉልበትዎም ከደረጃ ጋር ታርቆ ያግኝዎ። እኔ አለሁ። ብርዱም አለ፤ ሊፍቶቹም ሰው ጭነው መሃል ላይ መቆማቸውን አልተዉም። አብሮኝ የሚሠራው ባለ ጢሙ «እነዚህ ባይበላሹ እኔና አንተ ምን እንበላ ነበር?» ይላል። እውነቱን ነው።

የላኩልኝን የቼዝ እንቆቅልሾች ሠርቻለሁ፤ መልሶቹን በየካርዱ ጀርባ ጽፌያቸዋለሁ። ግን ሳላፍር ልንገርዎ፣ ዘንድሮ ከብደውኛል። ሰሌዳውን ሳየው የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል፤ ምን እንደጎደለ አላውቅም። ድካም ይሆናል። ስለዚህ «እንቅልፍ ነሺ» የሚሏቸውን ለጊዜው ይተዉልኝና ከመካከለኛዎቹ፣ ከነ«ከምሳ እስከ እራት» ይላኩልኝ።

ሰውነቴ ደህና ነው። ግራ ትከሻዬ ብቻ በልዟል፤ የበር መቃን እየመታኝ ነው። የዚህ አገር በር ጠባብ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ባለ ጢሙ ግን «እኛንስ እንዴት አሳለፈን?» እያለ ይስቅብኛል።

እህትዎን፣ እናቴን ይሳሙልኝ። በስልክ ባወራኋት ቁጥር «ከስተሃል» ትለኛለች። ድምፅ ሰምቶ ክሳት ማወቅ ከየት እንደተማረችው እንጃ።

የእርስዎው ማሙሽ


ኅዳር 4

ለልጄ ለማሙሽ፦

ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤትና ከክፉ አለቃ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። እናትህ የደም ግፊት መድኃኒቷን «ከተሻለኝ ለምን እውጠዋለሁ?» ብላ ትታው ነበር፤ ተጣላን፤ ጀመረች። ስልኩ እንደ ድሮው ከጉያዋ አይወጣም። እኔ ላናግርህ ስል ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ «ከእኔ ተደብቆ የሚነገር ነገር የለም» ትላለች። እኔና አንተ በወረቀት መጠያየቃችን በጀን። ደግሞም ቼዝ በስልክ አይታሰብም።

መልሶችህን ከክበቡ ልጆች ጋር አየናቸው። ስፖርት ማስተማሩን በጡረታ ባቆምም የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ለቼዝ ሰጥተውኝ የለ? ኳስና መረብ መሃል ተቀምጠን እንጫወታለን። ልጆቹ ጉድ አሉ። ከእንቅልፍ ነሺዎቹ ሦስቱን ልክ አግኝተሃል፤ አንዷ እኔን ራሴን ስንት ቀን ያታገለችኝ ናት። ከዚያ ግን «ሻይ ሳይበርድ» ብለን ከምንጠራቸው፣ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ትናንት የተማረ ልጅ ከሚፈታቸው፣ ሁለቱን ስተሃል! በአንዷ የነጭ ግንብ ባዶ መስመር ላይ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ ቢንቀሳቀስ የጥቁሩ ንጉሥ መውጫ የለውም፤ ማት ነው። አንተ ግን ወታደር ገፋህ። «ዝሆን የጣለ ሰው ትንኝ ጣለችው» ብለው ሳቁብህ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቄ አብሮኝ አልገባም።

እንደጠየቅኸኝ መካከለኛዎቹን ልኬልሃለሁ፤ ከቀላሎቹም ጥቂት ጨምሬበታለሁ፤ አትቀየመኝ። ትከሻህን በሞቀ ውሃ እሸው። ለመሆኑ በሩ ጠቦ ከሆነ ቀኝ ትከሻህን ለምን አይመታህም?

እቴቴ


ኅዳር 29

እቴቴ፦

ሰላምና ጤና ለእርስዎም ለእናቴም ይብዛ። ዛሬ በአጭሩ ነው የምጽፈው፤ መስመር መጠበቅ አቅቶኛል፤ እጄ ከወረቀቱ መሃል ነው የሚጀምረው።

መልሶቹ እነሆ። ሌላም ልመና አለኝ፤ ከእንግዲህ የሕፃናቱን ብቻ ይላኩልኝ። መካከለኛዎቹ ራሴን አሳመሙኝ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ። በቀደም አንድ ረጅም ሕንፃ ላይ የሊፍቱን በር ከፍተን እየሠራን ነበር። ባለ ጢሙ መፍቻ ሊያመጣ ሄደ። እኔ እጄን ልጠርግ ብዬ ወደ ጨርቁ ስራመድ አንድ ሰው ከኋላዬ ኮቴን ጨምድዶ መሬት ላይ ዘረረኝ። ባለ ጢሙ ነው።

«አብደሃል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ያበድከውማ አንተ ነህ! የሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ልትገባ ነበር እኮ!»

ለካስ የተከፈተው በር በግራዬ ኖሯል። ራሴ የከፈትኩት በር። ለእኔ ግን ግድግዳ ነበር የታየኝ፤ እናቴ ትሙት፣ ግድግዳ ነው ያየሁት። ባለ ጢሙ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቤ አልራቀም፤ እኔ ስቄ አለፍኩት።

አሁን ስጽፈው አያስቅም መሰለኝ። ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 16

ማሙሽዬ፦

ይህ ወረቀት እጅህ እስኪገባ ድረስ፣ ያን ቀን በባለ ጢሙ እጅ የጎተተህ አምላክ አይልቀቅህ። ቆመህ አታንብበው፤ ተቀመጥ።

ደብዳቤህን የከፈትኩት ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። ልጆቹ «መምህር፣ ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ?» አሉኝ። አሰናበትኳቸውና በሩን ዘጋሁት። ከዚያ የዘንድሮ መልሶችህን ሁሉ አወጣሁ። የሳትካቸውን አንድ በአንድ ሰሌዳ ላይ እያቆምኩ አየኋቸው።

ነገሩ የደረጃ አይደለም ልጄ። እኔ ሞኟ ከባድና ቀላል ስል ከረምኩ። ልክ ያገኘሃቸው፣ ከባዱም ቀላሉም፣ ጨዋታው ያለው በመሃልና በቀኝ ነው። የሳትካቸው ደግሞ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቁልፋቸው በግራ ጠርዝ ነው። በግራ የቆመ ግንብ፣ በግራ የተደበቀ ጳጳስ። እዚያ ምንም እንጨት እንደሌለ አድርገህ ነው የምትጫወተው። አልተሳሳትክም፤ አላየሃቸውም።

የበለዘ ትከሻህ መጣብኝ። ያ በር መጣብኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዓይንህም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም... ሌላውን አፌ ደፍሮ አይጠራውም። ብቻ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ መልሶችህን ከዚህ ወረቀት ጋር መልሼልሃለሁ፣ ይዘሃቸው ሂድ። ጉድጓድ አጠገብ እንዳትደርስ። መንገድ ስትሻገር የሰው ክንድ ያዝ፤ አትፈር።

ልደውልልህ ሞክሬ ነበር። እናትህ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ስልኩን አነሳሁ፤ ጠርቶ ሳይጨርስ ፎጣዋን አገልድማ ከች አለች።

«ለማን ነው?»

«ለ... ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ።»

«ዘበኛው ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም ላልሆነ ሰው ነው የምትደውዪው?»

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ከእኔ አልተነቀለም። የትምህርት ቤቱ ስልክ ደግሞ ባሕር ማዶ አይደውልም። በእሷ ፊት እንዳልናገር ግፊቷን ፈራሁ፤ ዝም እንዳልል አንተን ፈራሁ። ወረቀት ደግሞ እግሩ አጭር ነው። እስኪደርስህ በስንት በር ታልፍ ይሆን?

እቴቴ


ጥር 18

ማሙሽ፦

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አንተም ድረስልኝ። መልስህ ዘገየ። ትናንት ለእናትህ በስልክ «ደህና ነኝ» ስትላት ከጎኗ ሆኜ ሰምቻለሁ። ግን ደህና ነኝ ከማለትህ በፊት ትንሽ ዝም ብለሃል። እሷ አላስተዋለችም፤ ወይም ያላስተዋለች መስላለች። እኔ ያቺን ዝምታ ይዤ ነው የምውለው።

ክበቡን «ጉንፋን ይዞኛል» ብዬ ዘግቼዋለሁ። ሰሌዳ ማየት አስፈርቶኛል። ክፉም ቢሆን አንድ ቃል ጻፍልኝ።

እቴቴ


የካቲት 3

እቴቴ፦

ሆድዎን ያሳርፍልኝ፣ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የሚያሳርፍ ነገር አልያዝኩም። የዘገየሁት ጽፌ ጽፌ እየቀደድኩ ነው።

ሄድኩ። ወረቀቶቹን ለሐኪሟ ሰጠኋት። ቼዝ አታውቅም፤ ግን የግራውን ነገር ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ራሴን በመሣሪያ አነሱት። በቀኝ በኩል ዕጢ አለ። የግራውን ዓለም የሚያየው የቀኙ አንጎል ነው አሉኝ፤ ነገር ዓለሙ የተገላቢጦሽ ነው ለካ። መውጣት አለበት፤ ለመጋቢት አጋማሽ ቀጥረውኛል። ከሊፍት ሥራ አርፌያለሁ። ባለ ጢሙ እንደ ሕፃን ክንዴን ይዞ ያሻግረኛል።

አሁን የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ነቅቼ ነው የሚያደርጉት። ራሴ ተከፍቶ፣ እኔ እያወራሁ።

«ለምን?» አልኳት።

«የቱ ጋ ማቆም እንዳለብኝ የምትነግረኝ አንተ ስለሆንክ» አለችኝ።

እየነካኩ ይጠይቁኛል፤ መመለስ ሲያቅተኝ ያንን ቦታ አይቆርጡትም። የራሳቸው መፈተኛ አላቸው፤ መስመር አስምረው «መሃሉን አሳየን» ይላሉ። ሐኪሟ ግን «ያ የቼዝህ ነገርስ? ከልጅነትህ የምታውቀው ከሆነ ይበልጥ ይጠቅመናል» አለች። ራሴ በብረት ስለሚታሰር መዞር አልችልም፤ ካርዱን ወደ ቀኜ አድርገው ይይዙልኛል።

ስለዚህ በሦስቱም ደረጃ ካርድ ያዘጋጁልኝ። ከቀላሉ ጀምረን ወደ ላይ እንወጣለን።

እቴቴ፣ ሞቱን ብቻ አይደለም የምፈራው። ነቅቼ እያለሁ አንድ ነገር ከውስጤ ቢጠፋና መጥፋቱን ባላውቅስ? ያን በር ግድግዳ ነው ብዬ እንደማልኩት ማለት ነው። እናቴ ብትጠፋብኝና እናት እንደነበረችኝ እንኳ ባይታወሰኝስ?

አይንገሯት።

ማሙሽ


የካቲት 24

ለዓይኔ ብርሃን፦

የእናትህ ጸሎት ጋሻ፣ የእኔም ጸሎት ምርኩዝ ይሁንህ። ካርዶቹ ከዚህ ወረቀት ጋር አሉ፤ ሦስት ጥቅል ናቸው። በነጭ ክር የታሰረው ሻይ ሳይበርድ፣ በሰማያዊ ክር ከምሳ እስከ እራት፣ በቀይ እንቅልፍ ነሺ። በወፍራም ቀለም ነው የሳልኳቸው።

ስስላቸው ምን እንዳስፈራኝ ታውቃለህ? አንድ ወታደር ብረሳስ? አንተ «አይታየኝም» ብትል፣ እነሱ አንጎልህ ነው ብለው ማቆም በሌለባቸው ቦታ ቢያቆሙስ? ወይ የኔ ስህተት ነው ተብሎ ማቆም ያለባቸውን ቢያልፉት? በእኔ አንድ ጠብታ ቀለም የአንተ ራስ! አንዷን ካርድ ስምንቴ አይቻት ዘጠነኛ ጊዜ አላመንኳትም።

ትናንት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ሳለሁ እናትህ መጣችና ከፊቴ ቆመች።

«ልጄ ሞቷል?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው!»

«እንግዲያው ታሟል። አንቺ ከኔ ጋር መጣላት ትተሻል። ያልኩሽን ሁሉ እሺ ትያለሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ እሺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነገርኳት ልጄ። አትቀየመኝ። ትወድቃለች ብዬ ወንበር ስስብላት ወንበሩን ገፋችው። አልጮኸችም። ለረጅም ጊዜ ካርዶቹን አየች። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጨዋታውን አላውቅም፤ መቁጠር ግን አውቃለሁ» አለችኝ። እኔ እንቆቅልሾቹን ከቀዳሁበት መጽሐፍ ስጠራ እሷ ካርዱ ላይ በጣቷ ስትነካ ዋልን። «ጥቁር ወታደር፣ ሁለተኛው መስመር ላይ።» «አለ።» «ነጭ ጳጳስ፣ ጠርዙ ላይ።» «አለ።» እንዲህ እንዲህ እያልን ሰማያዊው ጥቅል መሃል ስንደርስ ጣቷ ባዶ ቤት ላይ ቆመ። «እዚህ የለም» አለች። እውነትም የለም። አንድ ጥቁር ወታደር ረስቼ ኖሯል። ዘጠኝ ጊዜ ያየሁት ካርድ ነው።

ወታደሩን ቦታው ላይ ሳልኩት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመርን። አሁን በእናትህ ጣት ያልተነካ አንድ እንጨት የለም። ጉድለት ካየህ ከካርዱ አይደለም።

እቴቴና እናትህ


ሚያዝያ 8

ለሁለቱ እናቶቼ፦

እኔን ለማቆም የተንበረከከ ጉልበታችሁ አይዛል። በስልክ መትረፌን ሰምታችኋል፤ እናቴ ስታለቅስ ያልቻልኩትን አሁን ልንገራችሁ።

ስነቃ ራሴ ታስሮ ነበር። ፊቴ ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ከጨርቁ ስር አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ ካርድ ትይዛለች። ከጨርቁ ማዶ ድምፅ እሰማለሁ፤ የማን ራስ ላይ እንደሚሠሩ እያወቅሁ ላለማወቅ እታገል ነበር። የመጀመሪያውን ካርድ ሳይ «ግንብ ወደ ላይ፣ ማት» አልኩ፤ በእኛ ቋንቋ! ነርሷ ደነገጠች፤ ከጨርቁ ማዶም ሥራው ቆመ። ንግግሬ የተበላሸ መስሏቸው ነው። በእነሱ ቋንቋ ስደግመው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀጣዩን ካርድ ጠየቅኋት።

ነጩ ጥቅል አለቀ። ወደ ሰማያዊው ገባን። አንዱን ልክ፣ ሁለተኛውን ልክ። ከዚያ አንድ ካርድ አሳየችኝ።

«ይሄ ስህተት አለበት» አልኳት። «ነጭ ንጉሥ የለውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

እርግጠኛ ነበርኩ። ያ ቤት ባዶ ነበር፤ ንጹሕ ባዶ። «ረስተውታል፣ ሌላ ስጪኝ» ልል አፌን ስከፍት፣ እቴቴ፣ የጻፉልኝ መጣብኝ። የእናቴ ጣት ያልነካው እንጨት የለም። ንጉሡማ አለ። የሌለሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ቅጽበት ፈርቼ አላውቅም፤ ጉድጓዱም አፍ ላይ እንዲያ አልፈራሁም። «አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ። «ካርዱ ትክክል ነው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት!»

ሐኪሟ «እጄን አንስቻለሁ» አለች። ነርሷ ካርዱን አላነሳችውም። ቆይቶ፣ ከጭጋግ እንደሚወጣ ሰው፣ ንጉሡ ቤቱ ላይ ታየኝ።

እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ቁራጭ ተዉት። ሌላው ወጥቷል። የቀረው እንዳያድግ በየጊዜው ራሴን እያነሱ ያዩታል፤ ቀጠሮው በቀረበ ቁጥር እፈራለሁ፤ ይህንን አልደብቃችሁም። ግራዬም ሙሉ አልተመለሰም። አሠልጣኝ መድበውልኛል፤ አገጬ ትከሻዬን እስኪነካ ዞሬ እንዳይ ታስተምረኛለች። ጉድጓድ አጠገብ ከእንግዲህ አልሠራም። አለቃዬ ስልክ ላይ አስቀምጦኛል፤ ሊፍት ውስጥ የተቆለፈ ሰው ሲደውል «አይፍሩ፣ እየመጡልዎት ነው» የምለው እኔ ነኝ። ምን ያህል እንደሚፈሩ ከትንፋሻቸው አውቃለሁ።

ከቀዩ ጥቅል ያልተነኩ ካርዶች ተርፈዋል። ትናንት ብቻዬን አንዱን ሞከርኩ። መልሱን ጀርባው ላይ ጽፌ ልኬላችኋለሁ። እውነቱን ንገሩኝ።

ማሙሽ


ግንቦት 3

ልጃችን፦

ከእናትህ ማኅፀን አንዴ፣ ከዚያ አልጋ ደግሞ ሁለተኛ የወለደህ ይክበር። ይህን የምጽፈው እናትህ ክርኔን ይዛ ቆማ ነው፤ ፊደሉ ቢያዘነብል የእሷ ጥፋት ነው።

ፖስታው ሲመጣ ለመክፈት ተፈራራን። «አንቺ ክፈቺው።» «አንቺ እናቱ ነሽ፣ አንቺ ክፈቺው።» በመጨረሻ እኔ ከፈትኩት። ሰሌዳውን አቁሜ እንደጻፍከው ተጫወትኩ። እናትህ ትንፋሿን ውጣ ታየኛለች።

«ልክ ነው?»

እንደገና ተጫወትኩት። «ስህተት ነው» አልኳት።

ደረቷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። «ቆይ! ቆይ እንጂ!» አልኳትና እጇን ስቤ አቀረብኳት። በጣቷ እያስነካሁ አሳየኋት። ግራ ጠርዝ ላይ ያለውን የጥቁር ግንብ ቆጥረኸዋል፤ እንዳይመጣብህ መንገዱን ዘግተህበታል። ጥጉ ላይ የተሸጎጠችውን ወታደር ቆጥረሃታል። ግራውን ሁሉ አይተኸዋል ልጄ፣ አንድም አልቀረህም! ንግሥትህን የበላብህ መሃል ሰሌዳ ላይ፣ አፍንጫህ ስር የተገተረው ፈረስ ነው። ማት አየሁ ብለህ ተንደርድረህ ገባህለት።

«እንዲህ ያለ ስህተት የሚሳሳተው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለችኝ።

«ችኩል ሰው።»

«ጤነኛ ሰው?»

«ጤነኛ ሰው። እኔም እሳሳተዋለሁ። ልጆቹም በየቀኑ ይሳሳቱታል።»

ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይታወቅ ነገር ይዟት መነጽሯን አወለቀች። ቀጥሎ ያለው ቀጠሮህ እንደሚያስፈራት አውቃለሁ፤ እኔንም ያስፈራኛል። ያን ጊዜ ግን ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም።

«ጻፊለት» አለችኝ። «ተሳስተሃል በይው። እናትህ መሳሳትህን ሰምታ በደስታ ልትሞት ነው በይው።»

ይኸው ጻፍኩ። ተሳስተሃል ልጄ። ሰሌዳውን አቁምና እንደገና ሞክረው።

እቴቴና እናትህ